አሮጌ የሲኒማ መኪና ስለ መምረጥና ስለ መጠበቅ

በቅሎ ሊገዛ ገበያ የወጣ ብልህ ሰው የኮርቻውን ማማር አይቶ ገንዘቡን አይከፍልም። አስቀድሞ አፍዋን ከፍቶ ጥርስዋን ይመለከታል፤ እግርዋን ይዳስሳል፤ ጥቂትም ያስኬዳታል። አሮጌ የሲኒማ መኪና የሚገዛ ሰውም እንደዚሁ ሊያደርግ ይገባዋል። ይህም መኪና ጥርስ አለውና።

የሲኒማ መኪና በሌላ ስሙ ፕሮጀክተር ይባላል። ሥራውም በፊልም ላይ ያሉትን ትንንሽ ሥዕሎች በብርሃን አጉልቶ በነጭ ሸራ ላይ ማሳየት ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1895 ዓ.ም. ሉሚዬር የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ወንድማማቾች በፓሪስ ከተማ ገንዘብ ለከፈሉ ተመልካቾች ተንቀሳቃሽ ሥዕል አሳዩ። በዚሁ አቆጣጠር በ1923 ዓ.ም. ኮዳክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ስፋቱ 16 ሚሊሜትር የሆነ ፊልም አወጣ። ይህ ፊልም ከትልቁ የሲኒማ ቤት ፊልም ይልቅ ቀላልና ርካሽ ስለ ሆነ፥ በትምህርት ቤትና በቤተ ሰብ ዘንድ ብዙ ዘመን አገለገለ። ዛሬ ሰው ሥዕልን በስልክና በቴሌቪዥን ያያል። ቢሆንም የአባቱን ሠርግ ወይም የአያቱን ፊት የያዘ ፊልም በሣጥን ውስጥ ያገኘ ሰው፥ ያን ለማየት አሮጌ መኪና ይፈልጋል።

እዚህ ላይ ማስተዋል ያስፈልጋል። መኪናው ቢሰበር ሌላ መኪና ይገዛል፤ ፊልሙ ቢቀደድ ግን ያ ሠርግ ዳግመኛ አይደገስም። ስለዚህ መኪና የሚመረጠው በውጭ መልኩና በማብረቅረቁ አይደለም፤ ለፊልሙ በሚያደርገው ጥንቃቄ ነው።

በፊልም ጠርዝ ላይ በተራ የተደረደሩ ቀዳዳዎች አሉ። የመኪናው መዘውር ጥርሶች በነዚህ ቀዳዳዎች እየገቡ ፊልሙን ያስኬዱታል። እያንዳንዱ ሥዕል ከመብራቱ ፊት ሲደርስ ለቅጽበት ይቆማል። ከዚያም እንደ ጥፍር ያለ ትንሽ ብረት ስቦ ያወርደዋል፤ ሌላውም በቦታው ይተካል። ሥዕሉ ሲወርድ እንደ ክንፍ ያለ ቈርቈሮ ብርሃኑን ይከልላል። ድምፅ ባለው ፊልም በአንድ ሴኮንድ 24፥ በአንድ ደቂቃ 1440 ሥዕሎች ያልፋሉ። ዓይን እነዚህን አንድ በአንድ መለየት ስለማይችል ሥዕሉ ሕያው ሆኖ ይታየዋል። እንግዲህ ያ ጥፍር ቢጣመም በአንድ ደቂቃ 1440 ጊዜ ፊልሙን ያቈስላል ማለት ነው።

ስለዚህ ገዢው አስቀድሞ የመኪናውን ጥርስ ይመልከት። ድምፅ የሌለው የ16 ሚሊሜትር ፊልም ብዙውን ጊዜ በሁለቱ ጠርዝ ቀዳዳ አለው። ድምፅ ያለው ግን በአንድ ጠርዝ ብቻ ነው፤ በሌላው ጠርዝ የድምፁ መስመር አለና። ድምፅ ያለውን ፊልም በሁለት ወገን ጥርስ ባለው መኪና ላይ የሚያወጣ ሰው ድምፁን በገዛ እጁ ያጠፋል፤ ጥርሶቹ መስመሩን ይበሱታልና።

ከዚህ በኋላ መኪናውን በእጁ ቀስ አድርጎ ያዙረው። የሚይዝ ወይም የሚፋጭ ከሆነ ይተወው። የጎማው ቀበቶ እንዳልተሰነጠቀ፥ የኤሌክትሪኩም ሽቦ እንዳልተላጠ ይመልከት። ከአሜሪካ የመጣ መኪና ብዙውን ጊዜ ከ110 እስከ 120 ቮልት ላለው ኤሌክትሪክ የተሠራ ነው። በኢትዮጵያ ያለው ግን 220 ቮልት ነውና ያለ ትራንስፎርመር ቢሰኩት ይቃጠላል። ምትክ አምፑል የሚገኝ መሆኑንም ይጠይቅ። በመጨረሻም የማይጠቅም ቁራጭ ፊልም ይዞ ይሂድ፤ ሁለት ሦስት ጊዜም በመኪናው ያሳልፈው። ቁራጩ ሳይጫርና ሳይቀደድ ከወጣ መኪናው የታመነ ነው። እውነተኛ ሻጭ ይህን ፈተና አይከለክልም፤ የመኪናውን ጉድለትም ሳይጠየቅ ይናገራል።

መኪናው ከተገዛ በኋላ ጥበቃ ይፈልጋል። ፊልሙ በብርሃኑ ፊት የሚያልፍበት በር ሁልጊዜ አስቀድሞ በለስላሳ ብሩሽ ይጠረግ። የደረቀ እድፍ ቢኖር በእንጨት ይነሣ እንጂ በቢላዋ አይፋቅ፤ ቢላዋ የጫረው ብረት በተራው ፊልሙን ይጭራልና። ዘይት በታዘዘው ቦታ ብቻ በጠብታ ይደረግ። የበዛ ዘይት ፊልሙን ያበላሻል። ከበሩ በላይና በታች ፊልሙ ጥቂት ላላ ብሎ እንደ ቀለበት ይሁን፤ ተወጥሮ ከገባ ቀዳዳዎቹ ይተረተራሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደ ተባለ፥ ይህን ሳያይ የሚጀምር ሰው ኋላ ይጸጸታል። ፊልሙ ሲያልቅ መብራቱ ይጥፋ፤ ማራገቢያው ግን መኪናው እስኪበርድ ድረስ ይዙር። ፊልሙም በቀዝቃዛና በደረቅ ስፍራ ይቀመጥ። ሆምጣጤ የሚሸት ፊልም መበላሸት ጀምሯልና ከሌሎቹ ይለይ።

አቧራ ትንሽ ነገር ነው፤ በጥቂት ደቂቃ ይጠረጋል። ካልተጠረገ ግን ፊልሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይጭረዋል፤ የሙሽራይቱም ፊት ከዚያ ቀን ጀምሮ በመስመር ተከፍሎ ይታያል። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ስለዚህ ነው። ትንሹን ጥፋት በጊዜው የሚያርቅ ሰው የአባቶቹን መልክ ለልጆቹ ያቆያል።