በጁገል ውስጥ የሚገኘው የሐረሪ ቤትና የመኖሪያ መብት ጥያቄ

የከተማ ልማትና የመኖሪያ ቤት መብት ትምህርት በአውሮፓ ራሱን የቻለ የጥናት ዘርፍ ሆኖ ከታወቀ ብዙ ዓመት ሆኖታል። በሆላንድ አገር በሮተርዳም ከተማ የሚገኘው የቤቶችና የከተማ ልማት ጥናት ተቋም ይህን ትምህርት መስጠት የጀመረው በ1950 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ ከኢትዮጵያም ወደዚያ ሄደው የተማሩ አሉ። ተማሪው በዚህ ዘርፍ ከሚያነባቸው ጽሑፎች ዋነኛው፣ የተባበሩት መንግሥታት የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ኮሚቴ በ1984 ዓ.ም. ያወጣው አራተኛው አጠቃላይ ማብራሪያ ነው። ማብራሪያው የሚተረጕመው በ1959 ዓ.ም. የጸደቀውን፣ ኢትዮጵያም በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችውን ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን 11ኛ አንቀጽ ነው። አንድ መኖሪያ በቂ ይባል ዘንድ የሚያስፈልጉትን 7 ነገሮች ሲዘረዝር፣ ነዋሪው ከቤቱ በግዳጅ እንዳይወጣ የሚሰጠውን የሕግ ዋስትናና የቤቱን ከባህል ጋር መስማማት አብሮ ያነሣል። በወረቀት ላይ ሁለቱ ያለ ጠብ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ በሐረር ግን በአንድ ጣሪያ ሥር ይጋፋሉ።

ጁገል የሚባለው ግንብ በ16ኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን የተሠራ ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ከተማ 48 ሄክታር ያህል ነው። ቤቶቹ ከድንጋይና ከጭቃ ተሠርተው፣ ጣሪያቸው በእንጨት ተረብርቦ አፈር የተደለደለበት ነው። ብዙውን ጊዜ ጥቂት ቤቶች አንድ ግቢና አንድ በር ይጋራሉ። ወደ ውስጥ ሲዘለቅ የሚገኘው ጊዲር ጋር የተባለው ትልቁ ክፍል ነው፤ በዚህ ክፍል ነደባ የሚባሉ ከፍታቸው የተለያየ 5 መደቦች አሉ። ማን በየትኛው ነደባ እንደሚቀመጥ ዕድሜና ክብር ይወስናል፤ እንግዳ ገብቶ ሲቀመጥ ማንነቱ ያለ ንግግር ይታወቃል። ግድግዳው ለዕቃና ለመጻሕፍት ማስቀመጫ የሚሆኑ ጉድጓዶች አሉት፤ በላዩም የቤቱ ሴቶች የሠሯቸው ስፌቶች ይሰቀላሉ። ቂርጣት የምትባለው ትንሽ ክፍል ሙሽሮች የመጀመሪያ ቀናቸውን የሚያሳልፉባት ናት። ነደባው የሚቀባው ቀይ አፈር በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለወደቁት መታሰቢያ እንደ ሆነ ሽማግሌዎች ይናገራሉ። ይህን ሁሉ ማንሣት ያስፈለገው፣ ነደባውን ያፈረሰ ሰው ግድግዳውን ባይነካ እንኳ ቤቱን እንዳፈረሰ ለማስረዳት ነው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ ለመኖሪያ የሚሆን አንድ ቤት እንዲይዝ ተፈቀደለት፤ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆነ ትርፍ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። በዚያው ዓመት በየካቲት የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ከግንቡ ውጭ የነበረውን የሐረሪዎች የአትክልትና የእርሻ መሬት ከእጃቸው አውጥቶት ስለ ነበር፣ ለጥገና ይውል የነበረው ገቢም አብሮ ሄደ። በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ሦስት ቤት የነበረው ሰው አንዱን ይዞ ሲቀር፣ በሌሎቹ የቀበሌ ተከራዮች ገቡባቸው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ለማስተዋል የአፈሩን ጣሪያ መመልከት ይበቃል። እንዲህ ያለ ጣሪያ ክረምት ከመግባቱ በፊት በየዓመቱ መጠቅጠቅና መለሰን አለበት። አንድ ክረምት ከታለፈ ውሃው ወደ ግድግዳው ይወርዳል፣ ጭቃውን ያጥባል፣ ድንጋዩም ይላቀቃል። ተከራዩ ቤቱ የእርሱ ስላልሆነ ገንዘቡን አያፈስበትም፤ ቀበሌው የሚሰበስበው ኪራይ ለጥገና የሚተርፍ አይደለም፤ የቀድሞው ባለቤት ደግሞ ያልቀረለትን ቤት የሚጠግንበት ምክንያት የለውም። ቆርቆሮ ማልበስ የሁሉም ቀላል መፍትሔ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ጊዲር ጋርም በጣውላ ወይም በመጋረጃ ይከፈላል፤ ነደባውም ለአልጋ ቦታ ሲባል ይፈርሳል።

ይሁን እንጂ ተከራዩን በአጥፊነት ብቻ መክሰስ ትክክል አይሆንም። የቀን ሠራተኛው ወይም ባል የሞተባት ሴት በዚያ አዋጅ ያገኙት ርካሽ ኪራይ፣ ከዚያ በፊት የማያውቁት ዋስትና ነው። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. ጁገልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ከጠቀሳቸው ምክንያቶች አንዱ የቤቶቹ የውስጥ አሠራር ነው፤ ይህን የውስጥ አሠራር በየቀኑ የሚለውጡት ግን ሕግ የሚጠብቃቸው ነዋሪዎች ናቸው። ቤቱ ለቀድሞው ባለቤት ይመለስ ቢባል ድኻው ይወጣል፤ እንዳለ ይቅር ቢባል ቅርሱ ይወድቃል። የቅርስ ሊቃውንት የመጀመሪያውን፣ የመብት ሊቃውንት ሁለተኛውን ጉዳት አቃልለው ማየታቸው የጥናቱ ትልቅ ጉድለት ነው።

በዚህ ረገድ አፎቻ የሚባለው የሐረሪዎች የሠርግና የለቅሶ ማኅበር ከተሰጠው የበለጠ ትኩረት ይገባዋል። ፒተር ኮንና ሲድኒ ዋልድሮን በ1970 ዓ.ም. ገደማ ባሳተሙት ጥናት አፎቻ ሕዝቡን ከአስተዳደር ጋር የሚያገናኝ ድልድይ መሆኑን አሳይተዋል። የጥገናው ወጪ ለቀበሌ፣ ለተከራይና ለጎረቤት ተካፍሎ፣ ተከራዩም ላወጣው ገንዘብ ከኪራዩ የሚታሰብለት ቢሆን፣ የጣሪያው ልስን የማንም ሥራ ሆኖ ከመቅረት ይድን ነበር።

ጥያቄው ከግንቡ ውጭም አለ። ድሬ ጠያራ፣ ስሙ የአውሮፕላን ሜዳ ማለት ሲሆን፣ የሐረሪ ክልል የገጠር ወረዳ ነው፤ ከተማው በሰፋ ቁጥር ማሳው ለቤት ቦታ ይፈለጋል። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ ገበሬው የሚካሰው ለንብረቱና ለመፈናቀሉ እንጂ ለአፈሩ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 ካሳው የ5 ዓመት አማካይ ገቢ 10 እጥፍ ነበር፤ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ካለፉት 3 ዓመታት የበለጠው ገቢ 15 እጥፍ ሆኗል። በዓመት ደጋግሞ የሚቀጠፍ የጫት ማሳ ያለው አባት በዚህ ስሌት የ15 ዓመት ገቢውን ተቀብሎ ይወጣል፤ ከ15 ዓመት በኋላ ለአካለ መጠን የሚደርሰው ልጁ ምን እንደሚይዝ በስሌቱ ውስጥ አልገባም።