ተጨማሪ መረጃ፦ ያለ አፈር የሚበቅል ሰላጣ

ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ጁሊየስ ፎን ዛክስ በ1860 እ.ኤ.አ. ዕፅዋት ማዕድናት በሟሙበት ውኃ ብቻ ማደግ እንደሚችሉ አሳየ። ይህ ዘዴ ዛሬ ሃይድሮፖኒክስ ይባላል። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የጓሮ ቦታ ለሌላቸው ቤተሰቦች ትልቅ ጥቅም አለው።

ምን ያስፈልጋል? ክዳን ያለው ባልዲ፣ ታቹ የተበሳሳ የፕላስቲክ ኩባያ፣ ሬድ አሽ የሚባለው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር፣ የሰላጣ ችግኝና ለሃይድሮፖኒክስ የተዘጋጀ ማዳበሪያ።

እንዴት ይሠራል? ጠጠሩን አጥባችሁ ችግኙን በኩባያው ትከሉ፤ ኩባያውንም በክዳኑ ቀዳዳ አስገቡት። ማዳበሪያ የሟሟበት ውኃ መጀመሪያ የኩባያውን ታች ይንካ። ውኃው እየቀነሰ ሲሄድ ከላይ የቀረው ሥር አየር ስለሚያገኝ ፓምፕም ሆነ መብራት አያስፈልግም። ባልዲው ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ሸፍኑት፤ አለዚያ አልጌ ይወረዋል።

ልብ በሉ! ዩሪያ ብቻውን አይበቃም፤ ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ብረት የለውም። የውኃው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ከ5.5 እስከ 6.5 ይሁን። ከእንጦጦ ጀርባ ባለችው ሱሉልታ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ሊጥል ስለሚችል ባልዲውን ከጣሪያ ሥር አኑሩት።