ካሜራው የማንን መኪና ይጠብቃል?

ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ ኒውዮርክ በሚገኘው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ነው። የኢኮኖሚክስ መምህሩ ጋሪ ቤከር አንድ ተማሪ በቃል ሊፈትኑ መኪናቸውን እያበረሩ ደረሱ፤ ረፍዶባቸዋል። መኪናዋን ከፍለው ማቆሚያ ግቢ ያስገቧት ወይስ በተከለከለው መንገድ ዳር ጥለዋት ይግቡ? የመቀጣት ዕድላቸውን ከቅጣቱ መጠን ጋር አባዝተው ከማቆሚያው ክፍያ ጋር አመዛዘኑና መንገዱ ዳር አቆሟት። ሲመለሱ የቅጣት ወረቀት አልጠበቃቸውም። ያቺ የጥድፊያ ስሌት በ1968 የታተመውን የወንጀል ኢኮኖሚክስ ጽሑፋቸውን ወለደች። በ1992 የኖቤል ሽልማት ሲያገኙም በንግግራቸው ታሪኩን አንስተውታል።

ሌሊት በሚስማር የሰው መኪና ለመጫር የሚጠጋ ሰው ወረቀት ላይ ባይጽፈውም ተመሳሳይ ስሌት ይሠራል። ማን ያየኛል? ቢያየኝስ ምን ያደርገኛል? የመኪና ካሜራ ነጋዴዎች የሚሸጡት የመጀመሪያውን ጥያቄ መልስ ነው። ባለመኪናው በበኩሉ ከመግዛቱ በፊት ሊያሰላቸው የሚገቡ ሌሎች ሁለት ጥያቄዎች አሉ፤ ካሜራው ወጪውን በስንት ጊዜ ይመልሳል? ጥቅሙስ ለማን ይደርሳል?

አዲስ አበባ ውስጥ ግቢ የሌለው ባለመኪና ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ በመጀመሪያ የሚያየው ስፖኪዮውን ነው። ካለ ዓይኑ ወደ ፍሬቻው፣ ከዚያ ወደ በሮቹ ይሄዳል። በቆመ መኪና ላይ የሚደርሰው ጉዳት ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ስፖኪዮ የሚፈታው ሰው ገበያ አለው፤ ያገለገለ ዕቃ በቶሎ ወደ ብር ይለወጣል። ብዙ ባለንብረቶች የታርጋ ቁጥራቸውን መስታወቱ ላይ የሚያስቀርጹት ለዚህ ነው። ቁጥር የተቀረጸበት መስታወት ለሌላ ገዢ አይመችምና የሌባው ትርፍ ይቀንሳል። ይህ ዘዴ ከቤከር ስሌት ውስጥ የሚነካው ጥቅሙን እንጂ የመያዝ ዕድሉን አይደለም፤ ዋጋውም ከካሜራ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

በር የሚጭር ሰው ግን የሚሸጠው ነገር የለውም። ብዙ ጊዜ ከጀርባው የማቆሚያ ቦታ ጠብ፣ ስካር ወይም የልጅ ጨዋታ ይኖራል። ሦስተኛው ጉዳት ሆን ተብሎ የሚደርስ ሳይሆን ሌላ አሽከርካሪ ወደ ኋላ ሲመለስ ፓራውልት ገጭቶ ዝም ብሎ የሚሄድበት ነው።

ካሜራ ለነዚህ ሦስቱ እኩል አይሠራም። ኮፍያ ያጠለቀ የማይታወቅ ሌባ በጥራት ቢቀረጽም ስሙ ቪዲዮው ላይ አይጻፍም። እ.ኤ.አ. በ2017 ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ ከ31 ሺሕ በላይ የመኪና ሰበራዎች ለፖሊስ ሲመዘገቡ፣ ለእስር የበቁት እጅግ ጥቂት ነበሩ። ከተማዋ ካሜራ አጥታ አይደለም። በሩን የጫረው ጎረቤት ከሆነ ግን ባለመኪናው ገና በአረማመዱ ያውቀዋል። ገጭቶ የሄደው ደግሞ ታርጋ አለው፣ ታርጋው ኢንሹራንስ አለው። በኢትዮጵያ የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ በመሆኑ፣ አንዲት በግልጽ የምትነበብ ታርጋ የባትላሜራና የቀለም ወጪን ከተጎጂው ኪስ ወደ ገጪው መድን ልታሻግር ትችላለች። የመኪና ካሜራ የገንዘብ ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

መሣሪያው ራሱ ውስብስብ አይደለም። ከፊት መስታወት ጀርባ የሚለጠፈው ዳሽ ካም ሞተር ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ቆሞ እንዲጠብቅ ከተፈለገ ከፊውዝ ሳጥኑ መስመር ተስቦለት ከባትሪው በቀጥታ ይመገባል። ንዝረት ሲሰማው ወይም እንቅስቃሴ ሲያይ ይቀርጻል፤ ሚሞሪ ካርዱ ሲሞላ አሮጌውን እያጠፋ በላዩ ይጽፋል። ስለዚህ ጉዳቱን ዘግይቶ ያየ ሰው ማስረጃው ተሰርዞ ሊያገኘው ይችላል። ከፊት ብቻ የሚያይ ካሜራ ደግሞ በጎን በር ላይ የሚሳበውን ሚስማር አያይም።

ኤሌክትሪኩም ይታሰብ። 60 አምፒር ሰዓት የሚይዝ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 720 ዋት ሰዓት ጉልበት አለው። ሞተር ለማስነሳት ግማሹ ይቀመጥ ቢባል፣ 4 ዋት የሚወስድ ካሜራ ቀሪውን 360 ዋት ሰዓት በ90 ሰዓት ይጨርሰዋል። ይህ ለአዲስ ባትሪ ነው። ያረጀው ቀድሞ ይደክማል፤ ቮልቴጅ ሲወርድ መስመሩን የሚቆርጥ መከላከያ ካልተገጠመ ጠዋት መኪናው በግፊ የሚነሳበት ቀን ይመጣል።

ቴስላ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2019 ሴንትሪ ሞድ የተባለውን ጥበቃ ሲያስተዋውቅ ሥራውን የሰጠው በመኪናው ዙሪያ ላሉት ካሜራዎች ነው። ሰው ሲጠጋ ስክሪኑ እየቀረጸ መሆኑን ያሳውቃል፤ መስታወት ሲሰበር ይጮኻል፣ ለባለቤቱም ስልክ መልእክት ይልካል። ይህም ነፃ አልነበረም፤ በግምት በየሰዓቱ 1 ማይል የሚያስኬድ ጉልበት ይበላ ነበር። አንድ ሌሊት ለ10 ሰዓት የቆመ መኪና 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ሳይነቃነቅ ተጓዘ ማለት ነው። ባትሪው ከ20 በመቶ ሲወርድም ዘበኛው ሥራውን ያቆማል። የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ በዙሪያቸው ካሜራ ያላቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች በአዲስ አበባ ጎዳናዎች እየበዙ ስለሆነ ይህ ወጪ ለእኛም ሩቅ አይደለም።

ታዲያ ካሜራ ጉዳት ይቀንሳል? ብራንደን ዌልሽ፣ ኤሪክ ፒዛና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2019 የ40 ዓመት ጥናቶችን ሰብስበው መርምረዋል። የክትትል ካሜራ የተተከለባቸው ቦታዎች ካልተተከለባቸው ጋር ሲነጻጸሩ ወንጀል በአማካይ 13 በመቶ ቀንሶ አግኝተውታል። ከሁሉም የላቀ ውጤት የታየው በመኪና ማቆሚያ ግቢዎች ሲሆን፣ ቅናሹ 37 በመቶ ነው። ሰው ተቀምጦ የሚከታተላቸው ካሜራዎች ዝም ብለው ከሚቀርጹት የተሻለ ሠርተዋል። የተጠኑት በግድግዳና በምሰሶ ላይ የተተከሉ እንጂ መኪና ውስጥ የተለጠፉ አይደሉም፤ ሆኖም ለስሌት መነሻ ይሆናሉ።

ለምሳሌ ያህል በግምታዊ ቁጥር እንሥራው። አንድ መኪና በየ3 ዓመቱ የ18 ሺሕ ብር ጉዳት ይደርስበታል እንበል፤ በዓመት 6 ሺሕ ብር ነው። ካሜራው ከነመግጠሚያው 12 ሺሕ ብር ይፈጅ። ጉዳቱን 13 በመቶ ከቀነሰ ባለቤቱ በዓመት የሚያተርፈው 780 ብር ነው፤ ዋጋውን ለመመለስ ከ15 ዓመት በላይ ይወስዳል። 37 በመቶ ከቀነሰ ዓመታዊ ትርፉ 2,220 ብር ይሆንና 5 ዓመት ከ5 ወር ገደማ ይፈልጋል። ጸሐይ ላይ የሚውል ካሜራና ሌት ተቀን የሚጻፍበት ካርድ ያን ያህል ስለመቆየታቸው ዋስትና የለም። ሒሳቡን የሚያቃናው ወይ የመድን ቅናሽ ነው፣ ለምሳሌ በደቡብ ኮሪያ «ብላክ ቦክስ» ለሚሉት የመኪና ካሜራ የመድን ኩባንያዎች ዓረቦን ይቀንሳሉ፤ ወይም ገጭቶ የሄደን መኪና አንድ ጊዜ መያዝ ነው።

እስካሁን የተሰላው የባለቤቱ ትርፍ ብቻ ነው። የጎረቤቱስ?

ኢያን አይረስና ስቲቨን ሌቪት እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተሙት ጥናት ይህን ጥያቄ የመረመረው ሎጃክ በተባለ መሣሪያ ነው። ሎጃክ መኪና ውስጥ የሚደበቅ የሬድዮ አስተላላፊ ሲሆን መኪናው ሲሰረቅ ለፖሊስ ያለበትን ያመለክታል። ከውጭ ምንም ምልክት የለውም። ሌባው የትኛው መኪና እንደያዘው ስለማያውቅ ሁሉንም ይፈራል። በትላልቅ ከተሞች ሎጃክ ያላቸው መኪኖች ድርሻ በ1 በመቶኛ ነጥብ ሲጨምር የመኪና ስርቆት 20 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኝቷል። መሣሪያውን ገዝቶ ያስገጠመው ሰው የሚያገኘው ግን ከጠቅላላው ማኅበራዊ ጥቅም ከአንድ አሥረኛ በታች ነው። ቀሪውን ያላወቁትና ያልከፈሉት ጎረቤቶች ተካፈሉት።

መሪ ላይ በጉልህ የሚታሰር ብረት ተቃራኒው ነው። ሌባው አይቶት ወደ ቀጣዩ መኪና ይሄዳል፤ ባለቤቱ ያተረፈውን ጎረቤቱ ይከፍላል። የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ኤክስተርናሊቲ የሚሉት ይህ ለሦስተኛ ሰው የሚተርፍ ጥቅም ወይም ጉዳት ነው። መስታወት ላይ ብልጭ የሚል ቀይ መብራት ያለው ዳሽ ካም በከፊል እንደ መሪው ብረት ይሠራል፤ ራሱን ብቻ ይጠብቃል። መንገዱን ከጫፍ ጫፍ የሚያይ የበር ላይ ካሜራ ግን ወደ ሎጃክ ይጠጋል።

ብዙ ኢትዮጵያውያን ታክሲ እያሽከረከሩ የሚኖሩባት ዋሽንግተን ዲሲ ይህን ልዩነት በበጀቷ ውስጥ አስገብታዋለች። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2016 በጀመረችው ፕሮግራም ከቤታቸው ወይም ከንግድ ቤታቸው ውጭ ካሜራ ተክለው በፖሊስ ለሚያስመዘግቡ ለአንድ ካሜራ እስከ 200 ዶላር ስትመልስ ቆይታለች። ጣሪያው ሲጀመር ለመኖሪያ አድራሻ 500፣ ለሌሎች 750 ዶላር ነበር። ገንዘቡ የሚሰጠው በሕንፃው ውጭ በኩል ለሚተከል ካሜራ እንጂ ሳሎን ውስጥ ለሚሰቀል አይደለም። መንግሥት የሚገዛው ባለቤቱ ለራሱ ሲል የማይከፍልበትን፣ ለመንገዱ የሚተርፈውን ድርሻ ነው።

ካሜራው ለመንገዱ በጠቀመ መጠን ግን መንገደኛውንም ይቀርጻል፤ ይህም ዋጋ አለው። ቼክ ውስጥ አንድ ሰው ቤቱ ተደጋግሞ ጥቃት ስለደረሰበት ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ካሜራ ተከለ። ካሜራው የሕዝብ መንገዱንና ፊት ለፊት ያለውን ቤት መግቢያ ጭምር ያይ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2007 መስኮቱ በወንጭፍ ሲሰበር ሁለት ተጠርጣሪዎች በቪዲዮው ተለዩ። ከተጠርጣሪዎቹ አንዱ የቀረጻውን ሕጋዊነት ጠየቀና የአገሪቱ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን የቀጣው ባለቤቱን ሆነ። ጉዳዩ እስከ አውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደርሶ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 የሕዝብ መንገድን የሚቀርጽ ካሜራ «የግል የቤት ጉዳይ» ተብሎ ከመረጃ ጥበቃ ሕግ ነፃ እንደማይሆን ተወሰነ። የኔዘርላንድስ ተቆጣጣሪም ሴንትሪ ሞድን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መግለጫ፣ ቴስላ አሠራሩን ማሻሻሉን ጠቅሶ ለቀረጻው በሕግ የሚጠየቀው ባለመኪናው መሆኑን አሳውቋል። ኢትዮጵያም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት። የጎረቤትን በር ሌት ተቀን የሚቀርጽ ሰው ቪዲዮውን ቴሌግራም ላይ ከመልቀቁ በፊት ሊያስብበት ይገባል።

ስሌቱ በኮንዶሚኒየም ግቢ ሲሠራ መልኩ ይለወጣል። በሕንፃዎቹ መካከል ባለው ሜዳ 30 መኪና ያድራል እንበል፤ ከላይ በያዝነው ግምት ዓመታዊ ጉዳታቸው በድምሩ 180 ሺሕ ብር ነው። እያንዳንዱ የየራሱን ካሜራ ቢገዛ 360 ሺሕ ብር ይወጣል። በአንጻሩ የነዋሪዎች ማኅበሩ አራት ካሜራና አንድ መቅጃ በ90 ሺሕ ብር ቢያስተክል የየመኪናው ድርሻ 3 ሺሕ ብር ነው። ጉዳቱ በ37 በመቶ ከቀነሰ በዓመት 66,600 ብር ይድናል፤ ወጪው በ1 ዓመት ከ4 ወር ገደማ ይመለሳል። ሜዳው በአጥር የተከለለ፣ መግቢያውም አንድ ከሆነ ዌልሽና ባልደረቦቹ ትልቁን ውጤት ካገኙበት የማቆሚያ ግቢ ጋር ይመሳሰላል። ስክሪኑ በር ላይ ባለችው ክፍል ከተቀመጠ ደግሞ የሚከታተለው ሰው ቀድሞውኑ ደመወዝ የሚከፈለው የሌሊት ጥበቃ ነው።

ችግሩ መዋጮው ላይ ይመጣል። 24ቱ ከፍለው ስድስቱ ዛሬ ነገ ሲሉ፣ ካሜራው የነሱን መኪኖች ነጥሎ መተው አይችልም፤ ያልከፈለውም መኪና እዚያው ካሜራ ሥር ያድራል። ማኅበሩ ያለው አማራጭ ዲሲ ካደረገችው ብዙም የራቀ አይደለም። ወጪውን ከየወሩ የጥበቃ ክፍያ ጋር ደርቦ ለ10 ወር 300 ብር መጨመርና ደረሰኙን በመኪናው ታርጋ መቁረጥ ይችላል።