ከአቧራው ማዶ፦ የጋላክሲዎች ርቀትና የኢንፍራሬድ ቴሌስኮፖች

የጋላክሲዎችን ርቀት መለካት አስቸጋሪ የሚሆነው በቅርብ ያለ ደካማ ብርሃንና በሩቅ ያለ ብርቱ ብርሃን ለተመልካች አንድ ስለሚመስሉ ነው። ሌሊት ከእንጦጦ ጀርባ ሆኖ ወደ ሱሉልታ ሜዳ የሚያይ ሰው የአንዲት አምፖልን ዋት ካላወቀ ርቀቷን ሊናገር አይችልም፤ ካወቀ ግን፣ ርቀት እጥፍ ሲሆን ድምቀት ወደ ሩብ ስለሚወርድ፣ የሚቀረው ስሌት ብቻ ነው።

ለሥነ ፈለክ ዋቱ የታወቀ አምፖል ያስገኘችው ሄንሪየታ ሌቪት ናት። ሴፊድ የተባሉት፣ እየሰፉና እየጠበቡ ድምቀታቸው ከፍ ዝቅ የሚል ግዙፍ ኮከቦች ዑደታቸው በረዘመ ቁጥር እውነተኛ ድምቀታቸው እንደሚበልጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1912 በ25 ኮከቦች አሳየች።

ይሁንና በኮከቦች መካከል የተበተነው አቧራ ብርሃኑን ስለሚያደበዝዝ፣ ኮከቡ ካለበት የራቀ ይመስላል። በበጋ ምሽት በአቧራ ውስጥ የምትጠልቅ ፀሐይ የምትቀላው ብናኙ ሰማያዊውን ብርሃን በትኖ ቀዩን ስለሚያሳልፍ ነው፤ ሞገዱ ከቀይም የሚረዝመው፣ ለዓይን የማይታየው ኢንፍራሬድ ደግሞ ይበልጥ ያልፋል። ከምድር ሆኖ ይህን ጨረር በብዛት መያዝ ግን ያስቸግራል፦ የከባቢ አየሩ እንፋሎት ይውጠዋል፣ አየሩና መሣሪያውም በሙቀታቸው ያንኑ ጨረር ያመነጫሉ፤ በ3200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተተከሉት የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖችም ከዚህ ገደብ አያመልጡም።

ከዚህ ገደብ ለማምለጥ እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ ኅዋ የመጠቀው የኢንፍራሬድ ቴሌስኮፕ ስፒትዘር ግን መስታወቱ 85 ሴንቲሜትር ብቻ በመሆኑ የሩቅ ጋላክሲዎችን የተጠጋጉ ኮከቦች መለየት አይችልም ነበር። ስለዚህ የሥነ ፈለክ ተመራማሪዋ የዌንዲ ፍሪድማን ቡድን በስፒትዘር በቅርብ ያሉትን ሴፊዶች በ3.6 ማይክሮሜትር ለክቶ ከቅርብ ኮከቦች ወደ ሩቅ ጋላክሲዎች ደረጃ በደረጃ የሚወጣበትን የርቀት መሰላል የታችኛ እርከን አጠናከረ፤ እ.ኤ.አ. በ2012ም የዩኒቨርስ መስፋት በየሜጋፓርሴኩ፣ ማለትም በየ3.26 ሚሊዮን የብርሃን ዓመቱ፣ በሰከንድ 74.3 ኪሎ ሜትር መሆኑን ዘገበ። የፕላንክ ሳተላይት ከጥንታዊው የዩኒቨርስ ጨረር ያገኘው ግን 67.4 ነው።

ልዩነቱን አቧራና የኮከቦች መደራረብ ያመጡት ይሆናል የሚለውን ጥርጣሬ ባለ 6.5 ሜትር መስታወቱ የኅዋ ቴሌስኮፕ ጄምስ ዌብ ፈተነው። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው የአዳም ሪስ ቡድን ሴፊዶቹን ነጣጥሎ ቢለካም ውጤቱ ከ73 ብዙም አልራቀም፤ የፍሪድማን ቡድን ደግሞ በዚያው ቴሌስኮፕ ሌሎች የኮከብ ዓይነቶችን ጭምር ተጠቅሞ ወደ 70 ተጠጋ። የሚገርመው፣ ሁለቱም የተደገፉበት ጋላክሲ፣ 25 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ የሚርቀው ኤንጂሲ 4258፣ ርቀቱ የተለካው በኢንፍራሬድ አለመሆኑ ነው፤ በመካከሉ ያለውን ጥቁር ጉድጓድ የሚዞሩ የውሃ ተን ደመናዎችን በተከታተሉ የሬዲዮ ቴሌስኮፖች ነው።