የማይጣበቀውን ማጣበቅ
(ስለ ፒክና ስለ ጥርስ ሽፋን)

ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲባል ብዙዎቻችን ወዲያው ትዝ የሚለን ወርቁ ነው። የዘመኑ የጥርስ ሐኪሞች ግን ከወርቅና ከሌላውም ብረት አልፈው ወደ ፕላስቲክ ዘር መመልከት ከጀመሩ ቆይተዋል። እኛ የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች ስለዚህ ነገር ለመጻፍ መነሣታችን አንዳንዱን አንባቢ ያስገርመው ይሆናል። ነገር ግን ጥርስ የሕክምና ተማሪዎች ብቻ ጉዳይ አይደለም፤ የሚበላ፣ የሚናገርና የሚስቅ ሁሉ ጉዳዩ ነው። ስለዚህ የተረዳነውን ያህል በአማርኛ ለማስረዳት እንሞክራለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ በአጭሩ ፒክ ይባላል፤ ሙሉ ስሙ ፖሊኤተርኤተርኪቶን ነው። በ1978 አይ ሲ አይ በተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ተሠራ። በመጀመሪያ ለማሽንና ለአውሮፕላን ክፍሎች አገለገለ፤ ኋላም ወደ አከርካሪ አጥንት ቀዶ ጥገና ገባ፤ በመጨረሻ ወደ አፍ ደረሰ።

ለምን ተወደደ ቢሉ፣ ምክንያቱ ብዙ ነው። አንደኛ፣ ቀላል ነው፤ አንድ ኩብ ሴንቲሜትር ፒክ 1.3 ግራም ያህል ሲመዝን፣ ለጥርስ ሥራ የሚውለው የኮባልትና የክሮሚየም ቅይጥ ከ8 ግራም ይበልጣል። ሁለተኛ፣ እንደ ብረት ድርቅ ያለ አይደለም። የግትርነቱ መጠን 4 ጊጋፓስካል ያህል ነው፤ የዚያ ቅይጥ ግን ከ200 ያልፋል። ስለዚህ ስናኝክ የሚመጣውን ምት በመጠኑ ያበርደዋል። ሦስተኛ፣ አይዝግም፤ የብረት ጣዕምም የለውም።

ታዲያ ጉድለቱ ምንድር ነው? መልኩ ነው። ፒክ ግራጫ ወይም ቡናማ መሰል ነው፤ እንደ ጥርስም ብርሃን አያሳልፍም። በፊት ጥርስ ላይ ራቁቱን ቢቀመጥ ባለቤቱ አፉን በእጁ ሸፍኖ መሳቁ አይቀርም። ስለዚህ የጥርስ መልክ ያለው ሽፋን ሊለብስ ይገባዋል። ሽፋኑ በእሳት የሚበስለው ሸክላ እንዳይሆን፣ ያ ሸክላ ከ700 ዲግሪ በላይ ሙቀት ሲፈልግ ፒክ በ343 ዲግሪ ይቀልጣል። የቀረው አማራጭ ኮምፖዚት የሚባለው፣ በብርሃን የሚጠነክር ሙጫ መሰል ነገር ነው።

ዋናው ችግር እዚህ ላይ ይመጣል። ፒክ የተወደደበት ጠባዩ፣ ማለት ከምንም ጋር በቀላሉ አለመዋሐዱ፣ ለሽፋኑ ጠላት ይሆናል። እናቶቻችን እንጀራው እንዳይዝ ምጣዱን በጎመን ዘር ያሳሉ፤ ፒክ ግን ማንም ሳያሰው ከተፈጥሮው እንደታሰሰ ምጣድ ነው። ማጣበቂያው ተዘርግቶ እንደማርጠብ ሰብሰብ ይላል፤ ሽፋኑም ውሎ አድሮ ይላቀቃል። ስለዚህ ከማጣበቁ በፊት ገጹን ማዘጋጀት ግዴታ ነው።

የመጀመሪያው ዘዴ ማሻከር ነው። ደቃቅ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ዱቄት፣ ብዙውን ጊዜ 50 ወይም 110 ማይክሮን የሆነው፣ በአየር ግፊት ይረጭበታል። ግድግዳ ለሳኝ ልስኑ እንዲይዝለት ግድግዳውን እንደሚፍቀው ያለ ነው፤ ማጣበቂያው በጭረቱ ገብቶ ይይዛል።

ሁለተኛው አሲድ ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ በ1955 ማይክል ቦኖኮር የተባለው አሜሪካዊ የተፈጥሮ ጥርስን ገጽ በፎስፎሪክ አሲድ ቢያሻክር ሙጫው እንደሚይዝ አሳይቶ ነበር። ለፒክ ግን የሚበረታ አሲድ ያስፈልጋል፤ ይኸውም 98 በመቶ የሆነ ሰልፈሪክ አሲድ ሲሆን፣ ለ60 ሴኮንድ ያህል ይቀባል። አሲዱ ገጹን ከመቦርቦሩም በላይ ማጣበቂያው የሚይዘውን የኬሚካል እጅ ይተክልበታል። በ2010 ከዙሪክ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በራሱ የሚጣበቅ የጥርስ ሲሚንቶ በአሲድ ያልታከመ ፒክን ፈጽሞ አልያዘም፤ በአሲድ የታከመውን ግን 19 ሜጋፓስካል ያህል ይዟል።

ሦስተኛው ፕላዝማ ነው። በኤሌክትሪክ ኃይል የተነሣሣ ጋዝ ገጹን ሳይፍቅ ኬሚካሉን ይለውጠዋል፤ ማጣበቂያውም በደንብ ይዘረጋል። ሆኖም ለውጡ እየዋለ ስለሚደክም፣ ማጣበቁ ቶሎ መከተል አለበት።

ጥንካሬው የሚለካው ሽፋኑን በጎን ገፍቶ በማላቀቅ ነው። ዓለም አቀፉ ደረጃ፣ ቁጥሩ 10477 የሆነው፣ ቢያንስ 5 ሜጋፓስካል ይጠይቃል፤ ማለትም በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊሜትር ላይ ግማሽ ኪሎ ያህል ጭነት። ከመለካቱም በፊት ናሙናውን በ5ና በ55 ዲግሪ ውሃ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ እያፈራረቁ ይነክሩታል፤ ትኩስ ቡና ጠጥቶ ቀዝቃዛ ውሃ የሚያስከትል አፍ የሚደርስበትን ለመምሰል ነው።

እንግዲህ ትልቁን ቁጥር ያስገኘው ዘዴ ሁሉ የተሻለ ነውን? እኛ አይመስለንም። ያ አሲድ ቆዳንና ዓይንን ያቃጥላል፤ በታካሚ አፍ ውስጥ ከቶ አይገባም፤ በቤተ ሙከራም ቢሆን አደጋው የሚወድቀው ስሙ በማይነሣው የእጅ ባለሙያ ላይ ነው። ደግነቱ፣ በዱቄት የተሻከረ ፒክ ሜቲል ሜታክሪሌት ያለበት ማጣበቂያ ሲቀባ ከሚጠየቀው ደረጃ በላይ እንደሚይዝ በተደጋጋሚ ታይቷል። ያለ አሲድ በቂ ከተገኘ፣ ለጥቂት ተጨማሪ ሜጋፓስካል የሠራተኛን ዓይን ማስያዝ ፍርድ አይደለም።

አብዛኛው ልኬት የተወሰደው በቤተ ሙከራ ጠረጴዛ ላይ እንጂ ለዓመታት ባኘከ አፍ ውስጥ አለመሆኑንም አንርሳ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጥርስ የሚያሠራ ሰው ሐኪሙን ስለ ዋጋና ስለ መልክ ብቻ አይጠይቅ፤ «ከሽፋኑ ሥር ያለው ምንድር ነው? ገጹስ በምን ተዘጋጀ?» ይበል። ሽፋኑ ሲላቀቅ ሁለተኛ የሚከፍለውም፣ በሰው ፊት የሚያፍረውም እሱ ነውና።