«ስሜን አስገባልኝ»

ግቢ ውስጥ «ግሩፕ አሳይመንት» ከተባለ ቀድሞ የሚሰማው «ስሜን አስገባልኝ» ነው። አንዱ ሰቃይ ሲሠራ ያድራል፣ አራቱ ኮቨር ፔጅ ላይ ይሰለፋሉ። የተማሪዎች የአንድ ለአምስት አደረጃጀቱም ብዙ ቦታ ከስም ዝርዝር አላለፈም። ስለዚህ «ኢንጂነሪንግን በቡድን እናስተምር» ሲባል ፊቱን የሚያጨማድድ መምህር አይፈረድበትም።

እኔ ግን ጥፋቱ የቡድኑ አይመስለኝም፤ የሚሰጠው ሥራ ነው። ተከፋፍሎ የሚያልቅ ሥራ ከሰጠናቸው ይከፋፈሉታል፣ ካልሆነም ለጎበዙ ይጥሉታል።

የኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲው ላሪ ማይክልሰን በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የ40 ተማሪ ክፍሉ 120 ሲሆንበት ሌላ መንገድ ቀየሰ። ሰውየው ኢንጂነር አልነበረም፣ የቢዝነስ መምህር ነበር። ተማሪው አንብቦ ይመጣል፣ ኩዊዝ ለብቻው ይፈተናል፣ ከዚያ ያንኑ ኩዊዝ ከቡድኑ ጋር ይደግማል። በኋላ ለቡድኑ ዙር እንደ ሞባይል ካርድ የሚፋቅ መልስ መስጫ መጣ፤ ትክክለኛው ምርጫ ሥር ኮከብ አለ፣ ከሳቱ እንደገና ይፍቃሉ፣ ነጥቡ ግን ይቀንሳል። ሁለቱም ውጤት ስለሚያዝ ሳያነብ የመጣ መደበቂያ የለውም።

ቀጥሎ ለሁሉም ቡድን አንድ ዓይነት ጥያቄ ይቀርባል። ስታቲክስን እንውሰድ፦ የትረስ ሥዕል፣ «ምንም ኃይል የማይሸከመው ሜምበር የቱ ነው?»፣ አራት ምርጫ። በአንድ ምልክት ሁሉም ፊደሉን ከፍ ያደርጋል። አንዱ ቡድን «ለ»፣ ጎረቤቱ «መ» ካወጣ ጭቅጭቁ በራሱ ይነሳል። «ካልተሸከመ ታዲያ ለምን ተሠራ?» የሚል አይጠፋም፤ ደስ የሚለኝም ይሄ ጥያቄ ነው። ሦስት ሜምበር በሚገናኙበት፣ ጭነት በሌለበት ጆይንት ሁለቱ በአንድ መስመር ካሉ ሦስተኛው ዜሮ ነው። ጭነቱ ቦታ ሲቀይር ግን ያው ሜምበር ሊሸከም ይችላል፤ ረጅሙ ሜምበር እንዳይጎብጥም ይደግፋል። ይህን ቦርድ ላይ ጽፎ ማለፍ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ተከራክሮ የደረሰበት ተማሪ ግን እስከ ፋይናል አይረሳውም።

ወንበሩ ከወለል ጋር የተበየደ ነው ለምትሉኝ፣ የፊቶቹ ሦስት ወደ ኋላ ይዙሩ፣ ስድስት ሆኑ። ቡድኑን መምህሩ ይመድብ፤ ጓደኛና ጓደኛ አንድ ላይ ከሆነ ስም ማስገባቱ ይመለሳል። ከባዱ ጥያቄውን ማውጣት ነው። አራቱም ምርጫ አሳማኝ እንዲሆን አንዱ ጥያቄ ብቻውን አንድ ማታ ይበላል። የተዘጋጀ ያላችሁ በውስጥ ጣሉልኝ፣ ቻናሉ ላይ እለጥፈዋለሁ።