ለሳይክል ነጂዎች፦ ቅባት ከመቀመም ጨርቅ መስፋት

የዛሬው ጽሑፌ በሳይክል ለምንመላለስ ልጆች የፀሐይ መከላከያ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ነው።

ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች ለሳይክል ትመቻለች። ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ቆዳን የሚያቃጥለው አልትራቫዮሌት የሚባለው ጨረር ደግሞ ከፍታው በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ይህ ጨረር ለዓይን አይታይም፣ እንደ ሙቀትም አይሰማም። ሳይክል ስንነዳ ንፋሱ ቆዳችንን ስለሚያቀዘቅዘው «ዛሬማ ፀሐዩ ቀላል ነው» እንላለን። የሚሸውደን እሱ ነው። ደመናም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አያግደውም።

ጨረሩ መቼ እንደሚበረታ ለማወቅ ጥላችሁን እዩ። ጥላችሁ ከቁመታችሁ ካጠረ ኃይለኛ ነው ማለት ነው። በእኛ ከተማ ፀሐይ አናት ላይ የምትሆነው ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በሚያዝያ አጋማሽማ ጥላችን እግራችን ሥር ገብቶ ይጠፋል። ስድስት ተኩል ማለት የጠዋቱ ፈረቃ የሚወጣበት፣ የከሰዓቱ ፈረቃ የሚገባበት ሰዓት ነው!

አንዳንድ ልጆች ስልክ ላይ እያዩ ዘይትና ዱቄት ምናምን ቀላቅለው ክሬም ለመሥራት ይሞክራሉ። ይሄ አይሠራም። ቅቤና ቫዝሊን ቆዳን ያለሰልሳሉ እንጂ ጨረር አያስቆሙም። ሎሚማ ጭራሽ አትንኩ! የሎሚ ጭማቂ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል፣ ጥቁር ምልክትም ይተዋል። ፋብሪካ የሚሠራው ክሬም ዱቄቱ እኩል ተበትኖ፣ ተለክቶና ተፈትኖ ነው የሚወጣው። ቤት ውስጥ በማንኪያ ስናማስል የቱ ጋ እንደሳሳ አናውቅም።

ጨርቅ ግን በዓይን ይፈተናል። ጨርቁን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋችሁ እዩት። ብርሃን በብዛት ካሳለፈ ጨረርም ያሳልፋል። ስስ ሻርፕ በዚህ ፈተና ይወድቃል። የጠበበን የድሮ የዩኒፎርም ሸሚዝ ግን ጥሩ ነው፣ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ። ጠቆር ያለ ቀለም ከነጭ ይሻላል፣ ትንሽ ይሞቃል እንጂ።

የአንገት መሸፈኛው እንዲህ ነው። ከሸሚዙ ጀርባ ወርዱ 45፣ ርዝመቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ጨርቅ ቁረጡ፣ ጠርዙንም እጠፉና ስፉት። ከዚያ ከአንዱ ጆሮ እስከ ሌላው ጆሮ፣ በኋላ በኩል፣ ከኮፍያው ጋር አያይዙት። እኔ በሦስት ቁልፍ ነው ያያያዝኩት፣ ለማጠብ ይመቻል። ጆሮ የግድ መሸፈን አለበት፣ ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። ጨርቁ በንፋስ ተነስቶ ዓይን እንዳይሸፍን ከሁለቱም ጫፍ ክር አድርጋችሁ አገጭ ሥር እሰሩት። ክሩ አጭር ይሁን። ሄልሜት ያለው ሰው መሸፈኛውን ከሄልሜቱ ኋላ ማሰር ይችላል።

ለክንድ የኳስ ካልሲ ይበቃል። የጣቶቹን ጫፍ መቁረጥ፣ ተረከዙ ላይ ለአውራ ጣት ቀዳዳ ማውጣት፣ አለቀ! መሪ የያዘው እጃችን ጀርባው ሳይቀር ይሸፈናል። በጣም የተወጠረ ካልሲ ግን ቀዳዳው ስለሚከፈት ሰፋ ያለውን ምረጡ። ጃንጥላ ይዞ በአንድ እጅ መንዳትስ? ባጃጅ በበዛበት መንገድ በፍጹም! ነጠላ ለብሳችሁ የምትነዱም ጫፉ ካቴና ውስጥ እንዳይገባ ጠቅልላችሁ እሰሩት።

ይህን ሁሉ የሠራሁት ለታናሽ እህቴ ብዬ ነው። ሁለተኛ ክፍል ናት፣ ከኋላዬ ጭኛት ነው የምመጣው። አልቢኒዝም አለባት። ሜላኒን የሚባለው ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው ነገር በእሷ ቆዳ ውስጥ በጣም ትንሽ ነው። ሜላኒን ጨረሩን ስለሚከላከል እኔ ቶሎ አልቃጠልም። እሷ ግን በትንሽ ደቂቃ ትቀላለች፣ በየጊዜው ከተቃጠለች ደግሞ ስታድግ የቆዳ ካንሰር ሊይዛት ይችላል። ስለዚህ ለእሷ ጨርቅ ብቻ አይበቃም፣ ኮፍያ የማይደርስበት አፍንጫና ጉንጭ ላይ የተገዛ ክሬም ትቀባለች። ክሬሙ ውድ ስለሆነ እጇንና አንገቷን በጨርቅ ስንሸፍን ለፊቷ ብዙ ቀን ይቆይልናል።

መምህሮቻችን፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። የከሰዓት ሰልፍ ላይ «ኮፍያ አውልቁ» ይባላል። ለሰንደቅ ዓላማ ክብር እንደሆነ ይገባኛል። ግን እሷና እንደ እሷ ያሉ ልጆች ኮፍያቸውን እንዳደረጉ ይሰለፉ፣ ካልሆነም ዛፉ ጥላ ሥር ይቁሙ። ከዛፉ ሥርም መዝሙሩን መዘመር ይችላሉ።

አሠራሩን ማየት የሚፈልግ ዓርብ በእረፍት ሰዓት ሚኒ ሚዲያ ክፍል ይምጣ። አሮጌ ሸሚዝ፣ መርፌና ክር ይዛችሁ ኑ፣ መቀስ እኛ ጋ አለ። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።